በመኪና መስኮት የተነበበች መስመር

አባቴን በጥሩ አማርኛ ለጥቂት ገድዬው ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሚሴ ያኔ በደሴው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች እንጂ ከተማ የምትባል አልነበረችም። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ለአራተኛ ክፍል ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ዛሬ ስምንተኛ የጨረሰ ሰው ሥራ እንኳ የሚሰጠው የለም። ያኔ ግን በገበያ መካከል ሳልፍ ሽማግሌዎች ተነሥተው "መምህር" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ተቀመጡ ለማለት ብዙም አልቸኩልም።

በተለይ የታወቅሁት በድርሰት ነው፤ ከድርሰትም በመግቢያ። አንዲት መግቢያ ነበረችኝ። "በዚህ ዓለም ላይ ከሚገኙት እጅግ በርካታ ነገሮች መካከል አንዱና ዋነኛው" ትላለች። ከዚያ በኋላ ርእሱ ንብ ከሆነ ንብን፣ ንጽሕና ከሆነ ንጽሕናን መሰካት ነው። ተማሪዎቼ በቃላቸው ይዘዋት ነበር። አንዱ ስለ ጅብ ሲጽፍ ጅብን አንዱና ዋነኛው አደረገው፤ ዐሥር ከዐሥር ሰጠሁት። እናንተም ብትሆኑ በትምህርት ቤት ዘመናችሁ እሷን ወይም እኅቷን ሳትጽፉ አልቀራችሁም።

አባቴ ሙሔ ይባላል። የጨፋ ገበሬ ነው፤ ማሽላ ያበቅላል፣ ከብት ያረባል፣ ፊደል አልቆጠረም። ሰላምታ ላይ ደግሞ ረዥም ነው። የጎረቤት ላም መውለዷን፣ ቦርከና መሙላቱን፣ የአክስቴ ጉልበት መሻሉን ሳይጠይቅ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ የአጎቴ ቤት በእሳት ተያይዞ ሊነግረን ሲሮጥ መጣና መጀመሪያ "አካም ቡልተን?"፣ እንዴት አደራችሁ ብሎ ሁላችንንም በየስማችን ጠየቀ። ይህን ጠባዩን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ከጨፋ ድረስ በእግሩ መጥቶ ከክፍል አስጠራኝ።

"አባትህን ፖሊስ ያዘው። ሰው ገድለሃል ብለውታል" አለኝ።

ከስምንት ቀን በፊት፣ እሑድ፣ ሰንበቴ ገበያ ከከብት ተራው ጀርባ አንድ የከብት ነጋዴ ቀትር ላይ በጩቤ ተወግቶ ሞቶ ነበር። ገዳዩ አልተያዘም። አባቴ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ገበያ ከዚያው ነጋዴ ጋር በአንድ ወይፈን ተጣልቶ ሰው ሁሉ እየሰማ "እንገናኛለን" ብሎታል። ሁለት ምስክሮች ቁመቱ እንደ አባቴ የሆነ፣ አረንጓዴ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ሲሮጥ አየን አሉ። በጨፋ አረንጓዴ ሽርጥ የሌለው ወንድ ቢቆጠር ከጣት አያልፍም፤ ለእስር ግን በቂ ሆነ።

እየሮጥኩ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። አባቴ በታሰረበት ክፍል ትንሽ መስኮት ፊቱን አስጠግቶ ነበር።

"ያን እሑድ እኔ ባላምባራሱ ግቢ ተቆልፎብኝ ነበር" አለኝ።

"ደህና ነህ ወይ፣ አባ? መቱህ?" አልኩት።

"ባላምባራሱ ግቢ ተቆልፎብኝ ነበር፣ ኢልማ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው።

ባላምባራሱ በከሚሴ ብዙ መሬት ያላቸው፣ የሹም ወዳጅ የሆኑ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ዕለት የአባቴ ከብቶች ማሽላቸው ውስጥ ገቡ። ሰዎቻቸው አባቴን ይዘው እህል ቤት ቆለፉበት፤ ሰኞ መክረው ለቀቁት። ሰው በገዛ እህል ቤት ማሰር ሕግ እንደማይፈቅድ ባላምባራሱ አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ ማንም የጻፈው ነገር የለም፤ አሁንም አፋቸውን ዘግተዋል።

"ይመር የሚባለው ዘበኛ ነው የጠበቀኝ። ለፖሊሶቹም ነገርኳቸው። ደሴ ስትደርስ ለዳኛው ትናገራለህ አሉኝ" አለ አባቴ።

ወደ ደሴ የሚሄደው ሐሙስ በሚነሳው የጭነት መኪና ነው። እስከዚያ ዕድሜዬ ከእኛ አገር በነፍስ ግድያ ወደ ደሴ የተወሰዱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አንዱም አልተመለሰም። ከመስኮቱ ዞር ብዬ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ አቀናሁ።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር፣ አቶ ታፈሰ ሣጥናቸውን ጠረጴዛ አድርገው ለሰው አቤቱታ ይጽፋሉ። የአገሬው አቤቱታ ሁሉ ከእሳቸው እጅ ነው የሚወጣው። ጉዳዬን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ነገ አገረ ገዢው ደጃዝማች ከደሴ ወደ ሰንበቴ ያልፋሉ፤ ረቡዕ ሲመለሱ ምሳ የሚበሉት ባላምባራሱ ቤት ነው" አሉኝ። "እሳቸው ካዘዙ ሐሙስ የሚሄደው ይቀራል። ነገር ግን ከመኪና አይወርዱም። ጸሐፊያቸው ወረቀቱን ተቀብሎ እዚያው በመስኮት ያነብላቸዋል። መጀመሪያው ከያዛቸው ያስጨርሱታል። ካልያዛቸው እጃቸውን ያነሣሉ፤ መኪናው ይሄዳል።"

"በምንድን ነው የሚይዛቸው?"

"በውዳሴ ነዋ። ያለ ውዳሴ ወደ ጉዳይ መግባት ስድብ ነው። ደግሞ ባላምባራሱን ከሁለተኛው ገጽ በፊት እንዳታነሣ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ባላምባራሱ ንጉሥ አይደሉም፤ ግን ጎረቤት ናቸው፤ ያ ይብሳል።"

ምክሩ ልክ መሰለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የእኔ ሙያ መግቢያ አይደል? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። "በዚህ ዓለም ላይ ከሚገኙት እጅግ በርካታ የፍትሕ ምንጮች መካከል አንዱና ዋነኛው የሆኑት" ብዬ ጀመርኩ። ደጃዝማቹን ፀሐይ አደረግኋቸው። ከዚያ ዋርካ፣ ከዚያ የደካሞች ምርኩዝ። አቶ ታፈሰ አንብበው "ይህን እኔም አልጽፈውም" አሉኝ፤ ኮራሁ። አባቴ ታስሮ እኔ ኮራሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ላንድሮቨሩ መጣ። ከመንገዱ ዳር ሃያ የምንሆን ባለጉዳዮች "አቤት! አቤት!" እያልን ቆምን። መኪናው አጠገቤ ሲደርስ ዝግ አለ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ጸሐፊ እጁን ዘርግቶ ወረቀቴን ወሰደና ማንበብ ጀመረ። ደጃዝማቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ሸበት ያሉ፣ ፊታቸው የደከመ ሰው ናቸው።

ጸሐፊው አነበበ። ፀሐይዋን አለፈ። ዋርካውን አለፈ። ዓረፍተ ነገሩ ግን አላለቀም፤ ማሰሪያ አንቀጹ የት እንዳለ እኔ ራሴ ረሳሁ። ጸሐፊው ትንፋሽ አጥሮት ቆም አለ።

"እሺ፣ ፀሐይ ነኝ። ሌላስ?" አሉ ደጃዝማቹ።

ጸሐፊው በዓይኑ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ። የገጹ ግማሽ ድረስ ጉዳይ የሚባል ነገር አጣ። እኔ አፌን ከፍቼ "አባቴ" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ገና ማሰሪያ አንቀጹን እፈልግ ነበር። ደጃዝማቹ እጃቸውን አነሡ። መኪናው ተነሣ፤ ወረቀቴም በመስኮት ወጥታ አቧራው ላይ ወደቀች።

አንሥቼ አራገፍኳት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ፣ አባቴ ያን እሑድ የት እንደዋለ ተጽፎ ነበር። እዚያ የደረሰ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ የያዘኝን ፍርሃት በቃል መግለጽ አልችልም። ዓይኔን ስጨፍን የማየው ገመድ ነው። ወደ እናቴ መሄድም አልቻልኩም፤ ምን ልበላት? እግሬ ራሱ ወደ ቦርከና ወንዝ ወሰደኝ። እዚያ ዘበኛው ጋሽ ይመር የባላምባራሱን በቅሎ ውሃ ያጠጣል።

"አካም ኦልተን፣ ጋሽ ይመር?" ብዬ እንዴት እንደዋለ ጠየቅሁት።

"ነጋ፣ ደህና። የሙሔ ልጅ ነህ። ለምን እንደመጣህ ገብቶኛል" አለ፤ ዓይኑን ከበቅሎዋ አላነሣም።

"ጣቢያ ሄደው ይመስክሩልኝ።"

"ስድስት ልጆች አሉኝ። ጎጆዬ የቆመችው በባላምባራሱ መሬት ላይ ነው። ዛሬ ብናገር ማታ የት አስተኛቸዋለሁ?"

"አባቴ ይሰቀላል።"

በቅሎዋን አጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሚካኤልን፣ ከጠየቁኝ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም። ሄዶ ያጋለጠ ሌላ ነው፤ ተጠይቆ የመለሰ ሌላ ነው። ባላምባራሱም ያን ይለዩልኛል ብዬ ነው።"

"ማን ይጠይቅዎታል?"

"እሱ ያንተ ሥራ ነው። የተማርከው አንተ።"

ረቡዕ በማለዳ፣ ተማሪ ሳይመጣ፣ ባዶው ክፍሌ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ካለፈው ሳምንት የጻፍኳት መግቢያዬ አለች። ዓይኗን ማየት ስላስጠላኝ ተነሥቼ ደመሰስኳት። ከዚያ ጻፍኩ። "አባቴ ንጹሕ ሰው ነው" አልኩ፤ ይህን የማይል የእስረኛ ልጅ የለም፣ ቀደድኩት። "ባላምባራሱ ያለ ሕግ ሰው ያስራሉ" አልኩ፤ ደጃዝማቹ ዛሬ ምሳ የሚበሉት በባላምባራሱ ቤት ነው፤ ጋባዣቸውን ስሰድብባቸው እጃቸውን ነው የሚያነሡት፤ ይህንንም ቀደድኩት። "አባቴ ያን እሑድ ታስሮ ነበር" አልኩ፤ የት? ማን አሰረው? ብለው እስኪጠይቁ መኪናው ይሄዳል።

ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ወረቀቱ ሲነበብ ሰውየው የት ናቸው? የባላምባራሱ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ የባላምባራሱ ምሳ ገና ከሆዳቸው ሳይወርድ። እንግዲያው ፊት ለፊታቸው ያለውን ነው ማሳየት ያለብኝ። ሌላ ወረቀት ወስጄ ይህን ጻፍኩ፦

"ጌታዬ፤ አባቴ ሰንበቴ ላይ ሰው ገደለ በተባለበት እሑድ፣ ጌታዬ ዛሬ ምሳ በበሉበት በዚህ ግቢ፣ እህል ቤት ተቆልፎበት፣ በዘበኛ ሲጠበቅ ዋለ።"

የጋሽ ይመርን ስም አልጻፍኩም። ብጽፈው እኔ ጠቆምኩት ማለት ነው። ዘበኛ መኖሩን ካወቁ ግን "ማን?" ማለታቸው አይቀርም።

ወረቀቱን ለአቶ ታፈሰ አሳየኋቸው። አንብበው እንደ ጋለ ብረት መልሰው ሰጡኝ።

"እኔ ይህን አላየሁም። ውዳሴው የታለ?" አሉኝ።

"ቦታ የለውም።"

"ልጄ፣ አባትህ ቢሰቀል አንድ ሰው ነው። በዚህ ወረቀት ሁለት ትሆናላችሁ።"

ከቀትር በፊት ከባላምባራሱ በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ላንድሮቨሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከውስጥ የሣቅ ድምፅ ይሰማል። የከሚሴ ፀሐይ አናቴን ይበሳዋል፤ ላብና ወረቀት አንድ ላይ ሆነው ቀለሙ እንዳይፈስ እጄን እየቀያየርኩ ያዝኩት። ፋቲሓን ስንት ጊዜ እንደቀራሁ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ያህል ልሄድ ዞሬ ነበር።

በሩ ተከፈተና ቀድመው ባላምባራሱ ወጡ። ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ፊታቸው በምሳ ወዝቷል።

"መምህር፣ ምን እግር ጣለህ?"

"አቤቱታ አለኝ፣ ጌታዬ።"

"ስለ አባትህ ነው? አዬ፣ ምስኪን። አምጣው፣ እኔ ራሴ ሰጥቼ አስረዳልሃለሁ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ከዚያ እጅ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ሰጥቼ ልገላገል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ እውነቴን ነው። "አላስቸግርዎትም" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ ነበር። የባላምባራሱ ፈገግታ እዚያው ደረቀ፤ እጃቸው ግን አልታጠፈም። በዚህ መካከል ደጃዝማቹ እየተሸኙ ወጡና መኪና ገቡ። ሞተሩ ተነሣ። ዘልዬ ወረቀቱን ለጸሐፊው አቀበልኩ።

"የትናንቱ ፀሐይ ነው እንዴ?" አሉ ደጃዝማቹ።

ጸሐፊው ማንበብ ጀመረ። "ዛሬ ምሳ በበሉበት በዚህ ግቢ" ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ጨርሶ ቀና አለ።

"ድገመው" አሉ ደጃዝማቹ።

ደገመው።

"ሞተሩን አጥፋ" አሉ ለሹፌሩ።

ደጃዝማቹ በመስኮት አዩኝ።

"አንተ ነህ የጻፍከው? ውሸት ቢሆን ምን እንደሚያገኝህ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ ጌታዬ።"

ወደ ባላምባራሱ ዞሩ። "ይህ ሰው እዚህ ታስሮ ነበር?"

"ከብት አስገብቶ ተመክሮ የሄደ አንድ ባላገር ነበረ፣ ጌታዬ። ቀኑን እንጃ። ቅዳሜም ይሆናል፣ ማክሰኞም ይሆናል።"

"ዘበኛው ማን ነበር?"

አራት ዘበኞች በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ይመር ከመጨረሻው ነው፤ መሬት መሬት ያያል። ባላምባራሱ ደግሞ እሱን ያያሉ። ስድስት ልጆቹ ትዝ አሉኝና ዝም ቢል እንኳ ልፈርድበት እንደማልችል አወቅሁ። አባቴ አለቀለት ብዬ ጨረስኩ።

"ማን ነበር ብያለሁ" አሉ ደጃዝማቹ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"ቀኑን ታውቃለህ?"

"እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም የቀረሁት እሱን ልጠብቅ ነው። ቀትር ላይ ለስግደቱ መታጠቢያ ለመነኝ፤ በቅል ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት፤ እዚያ ግድግዳው ሥር ሰገደ። እሸት ጠብሼ አበላሁት። ቅዳሜ በሩን የቆለፍኩት እኔ፣ ሰኞ የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

ከመኪና አይወርዱም የተባሉት ደጃዝማች ወረዱ። እህል ቤቱን አሳየኝ ብለው ከጋሽ ይመር ጋር ወደ ውስጥ ተመለሱ። እኔ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐሙስ የጭነት መኪናው ያለ አባቴ ሄደ። ነገሩ ተጣርቶ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ፈቱት። ባላምባራሱ ተቀጡ ሲባል አልሰማሁም። ጋሽ ይመርን ግን በማግስቱ አባረሩት፤ ተጠይቆ መመለስንና ሄዶ ማጋለጥን አልለዩለትም። ልጆቹንና አንድ ድስቱን ይዞ ጨፋ እኛ ዘንድ መጣ። አባቴ ከማሳው ቆርሶ ሰጠው፤ እስኪሞት ድረስ አብረው አረሱ። ያችን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የከፈለባት ግን እሱ ነው። ሰዎች መስመሯን ሲያደንቁልኝ ይህን እነግራቸዋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ እስክሸብት ድረስ አስተማርኩ። "አንዱና ዋነኛው" ብሎ የጀመረ ተማሪ ከእኔ ማርክ አላገኘም። ድርሰት ሊጀምሩ ብዕር የሚያኝኩ ልጆችን አጠገባቸው ሄጄ "መኪናው ሊነሣ ነው፤ ምን ትላለህ?" እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ያበድኩ ይመስለዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔም ዓርብ ማታ እስከሚሆን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ማታ አባቴ ቤቱ ገብቶ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እንደ ልማዱ አንድ በአንድ ከነላሙ ጠይቆ ሲያበቃ፣ "ያችን ወረቀት እስቲ አንብብልኝ" አለኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ኮራ ብዬ አነበብኩለት።

"ጥሩ ነው፤ አላህ ይባርክህ" አለ። "ግን ኢልማ ኮ፣ እኔስ ሰኞ በመስኮት ምን አልኩህ? ሰላም እንኳ ሳልልህ የነገርኩህ ይህንኑ አልነበር?"